የቤት ሥራው ደብተር፦ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንዴት ወደ ቤታችን መጣ?



ባለፉት ወርሃዊ ስብሰባዎቻችን ከቁጠባና ከብድር አጀንዳ ቀጥሎ ደጋግሞ የተነሣ አንድ ጉዳይ አለ። «ልጄ እስከ ስድስተኛ ክፍል ደኅና ነበረች፤ ሰባተኛ ከገባች ወዲህ ውጤቷ ወረደ። ደብተሯን ብከፍተው እንግሊዝኛ ነው። ምን ብዬ ላሳያት?» የሚል ነው። ይህን ያለችው አንዲት እናት ብቻ አይደለችም። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን በጋራ አስጠኚ እንቅጠር ስንል፣ ሌሎቻችን ደግሞ የማኅበሩ ገንዘብ ለዚህ አይበቃም ብለናል። ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤው ለውሳኔ ይቀርባል።

ከውሳኔው በፊት የዚህን ደብተር ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። እንግሊዝኛው ከየት መጣ? ሰባተኛ ክፍል ላይ ለምን ይከብዳል? የቤት ሥራውስ ሲሰጥ ቤት ውስጥ ማን አለ ተብሎ ነው? ይህን ያላየ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በልጅቷ ስንፍና ወይም በእናቷ አለመማር ላይ ይጥለዋል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከእንግሊዝኛ በፊት

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊትም በአገራችን ትምህርት ነበረ። በቤተ ክህነት ልጆች ፊደል ቆጥረው፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብበው፣ ዳዊት ይደግማሉ። በቁርዓን ቤት ደግሞ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እያነበቡ በቃላቸው ይይዛሉ። የሁለቱም መንገድ ይመሳሰላል፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ተቀብሎ ይላል፣ እስኪጠና ድረስ ይደጋገማል። ልጁ ማታ ቤት ሆኖ ጮክ ብሎ ሲያጠና እናቱ ትሰማለች። እሷ ፊደል ባትለይም፣ ልጁ ሲደናቀፍና ሳይደናቀፍ ሲወጣው በጆሮዋ ትለያለች። ይህን ነገር በልባችን እንያዘው፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ሲሆኑ፣ የትምህርቱ ዋና ዓላማ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎችን ማፍራት ነበር። እንግሊዝኛ ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ቢሆንም የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈትም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሄዱ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተማሩት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከምኒልክ ትምህርት ቤት ጋር ሲተያይ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቷል ማለት ነው። እኛ ሴቶች የውጭ ቋንቋ ክፍል ውስጥ የገባነው ዘግይተን መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረበት ጊዜ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ ወይም ለሌላ አገልግሎት ዋሉ። ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ አገሪቱ ትምህርትን ከሥሩ መጀመር ነበረባት። በዚያን ጊዜ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ኢጣሊያን የወጋው የእንግሊዝ ጦር በአገር ውስጥ ነበር፤ አማካሪዎችም፣ መምህራንም፣ መጻሕፍትም ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች መምጣት ጀመሩ። ፈረንሳይኛ ቦታውን ለእንግሊዝኛ የለቀቀው ያኔ ነው። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከተለ። የሁለቱም ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር።

እንግሊዝኛ በልጆቻችን ደብተር ላይ የመጣው እንግዲህ በዚህ መንገድ ነው። የተማረ ሰው አልቆ፣ መጽሐፍ ጠፍቶ፣ ማን መምህር ይላክልናል በሚባልበት ጊዜ የተወሰነ ውሳኔ ነው። የውሳኔው ዕዳ ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ ይከፈላል።

ሰባተኛ ክፍል በር የሆነበት ዘመን

መጀመሪያ ላይ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ደረጃ የላይኛው ክፍሎች ጀምሮ ማስተማሪያ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን አንደኛ ደረጃ፣ ማለትም ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል፣ በአማርኛ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ያለው መደብ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆነ፤ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ቀደም ብሎ ቢጀመርም፣ ሰባተኛ ክፍል ሲደረስ ሳይንሱም፣ ሒሳቡም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ልጅ በክረምት ሁለት ወር ውስጥ ከአማርኛ ተማሪነት ወደ እንግሊዝኛ ተማሪነት ይለወጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

በዚህ በር በሁለቱም በኩል ፈተና ተተከለ። በተለምዶ «ሚኒስትሪ» የምንለው አገር አቀፍ ፈተና በስድስተኛና በስምንተኛ ክፍል ይሰጥ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ያለፈ ልጅ በሰፈር ይከበራል፤ የወደቀ ደግሞ ወይ ይደግማል፣ ወይ ሥራ ይፈልጋል። ሴት ልጅ ስትወድቅ ግን ሦስተኛ መንገድ ይጠብቃት ነበር፤ ትዳራለች። በዕድሜ ከገፉት አባሎቻችን መካከል «ስምንተኛ ላይ ቀረሁ» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ ያልተሳካላቸው በእንግሊዝኛ መሆኑን ይናገራሉ።

በዚያ ዘመን የመምህር እጥረት ስለነበረ ከውጭ ብዙ መምህራን መጡ። የሕንድ መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ይታወቁ ነበር። በ1955 የትምህርት ዘመን ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ ቡድን ገባ፤ ቁጥራቸው ከ270 ይበልጥ ነበር፤ ብዙዎቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ከእነሱ አንዱ በወሊሶ ያስተማረውና በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው ፖል ሶንጋስ ነው። እነዚህ ወጣቶች አማርኛቸው ገና ስለነበረ ተማሪው ወዶም ሆነ ተገዶ በእንግሊዝኛ ይነጋገር ነበር። ያን ዕድል ያገኘው ግን ከተማ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። በሌላው ቦታ እንግሊዝኛን ራሱ ከመጽሐፍ የተማረ መምህር ለሌላው ከመጽሐፍ ያስተምር ነበር።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ የታተመው የአምሳሉ አክሊሉና የጂ. ፒ. ሞዝባክ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ ዓይነቱ ተማሪ ትልቅ ውለታ ውሏል። ከሰፈር አንድ ቤት መዝገበ ቃላቱ ካለ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደዚያ ቤት ይሄዳል። ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ በክር ተሰፍቶ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል።

የሳምንቱ ትምህርት እንዴት ይሰጥ ነበር?

የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ሳምንት ከዘመን ዘመን ብዙም አልተለወጠም። ሰኞ ምንባብ ይነበባል፤ መጀመሪያ መምህሩ፣ ቀጥሎ ጎበዝ ተማሪ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድነት። ከምንባቡ አዳዲስ ቃላት ወጥተው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ ተማሪው ይገለብጣል። በማግስቱ ሰዋስው ይመጣል፤ ያለፈ ጊዜ፣ የአሁን ጊዜ፣ ፓሲቭ ቮይስ፣ ዳይሬክትና ኢንዳይሬክት ስፒች። ከዚያ ባዶ ቦታ ሙላ ወይም ተዛማጁን ፈልግ የሚሉ መልመጃዎች ይሰጣሉ። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ዲክቴሽን አለ፤ መምህሩ ቃል ይጠራል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ የተሳሳተው በአንዳንድ ቦታ እጁን ዘርግቶ ይገረፋል።

የግሥ ዝርዝር በዜማ ይሸመደድ ነበር፤ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፤ ኢት፣ ኤት፣ ኢትን»። የፊደል ቆጠራው ዜማ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል ተሻግሮ መጣ ማለት ነው። ይህን የሚነቅፉ ብዙ ናቸው። እኛ ግን ሙሉ በሙሉ አንነቅፈውም። በዜማ የተያዘ ነገር ከአርባ ዓመት በኋላም አይጠፋም፤ ከአባሎቻችን መካከል እንጀራ እየጋገሩ ሠላሳ ግሥ ሳያቋርጡ የሚቆጥሩ አሉ። ችግሩ የተሸመደደው ግሥ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ሰው አለማናገሩ ነው። ግሡን የሚቆጥር እንጂ «ትናንት ወደ ገበያ ሄድሁ» ብሎ በእንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ ጥቂት ነበር።

የቤት ሥራው የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀር መምህሩ «ከገጽ ይህን ያህል ያለውን መልመጃ ሠርታችሁ ኑ» ይላል። በማግስቱ ክፍል ሲገባ «ያልሠራ ይቁም» ይባላል። ከሚቆሙት መካከል ሴቶች ልጆች ይበዙ እንደነበር ያስተማሩም የተማሩም ይመሰክራሉ። ለምን እንደቆሙ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

ፈረቃ፣ ጉሊትና ኩራዝ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የተማሪው ቁጥር በጣም ጨመረ። ትምህርት ቤቶቹ ስላልበቁ የፈረቃ ትምህርት ተስፋፋ፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት። ፈረቃ ለብዙ ልጅ በር ከፍቷል። በቤት ውስጥ ግን ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ወንዱ ልጅ የቀረውን ግማሽ ቀን ኳስ ይጫወትበታል ወይም ያጠናበታል። ሴቷ ልጅ ግን ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች፣ እናቷን ተክታ ጉሊት ትቀመጣለች። ከሰዓት የምትማር ልጅ ጠዋት ሙሉ ሠርታ ደክሟት ክፍል ትገባለች። ማታ ደግሞ ዕቃ ታጥቦ፣ እሳት ጠፍቶ፣ ሰው ተኝቶ ሲያበቃ ደብተሯን በኩራዝ ብርሃን ትከፍታለች። ያን ሰዓት የማታውቀውን ቋንቋ ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚያው ዘመን ለእናቶች አንድ ትልቅ ነገር ተደርጓል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አገር አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ አሥራ አምስት ደረሰ፤ ዩኔስኮም በቀጣዩ ዓመት ሸልሞታል። ብዙ እናቶች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት ያኔ ነው። ስለዚህ በ1970ዎቹ በብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይታይ ነበር፤ እናት ማታ ማታ የፊደል ገበታዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛ ትሸመድዳለች። እናት አማርኛ ማንበብ ስትጀምር የልጇ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተሻግሮ ነበር። እናትና ልጅ ሁለቱም እየተማሩ በአንድ ገጽ ላይ ሳይገናኙ ቀሩ።

ከ1986 ዓ.ም. በኋላ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መደቡን ለወጠ። አንደኛ ደረጃ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሆነ፤ ልጆችም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት እንዲሰጥ ተደነገገ። ይሁን እንጂ በሩ የቆመበት ቦታ በየክልሉ የተለያየ ነበር። በኦሮሚያና በትግራይ እስከ ስምንተኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሰጥ፣ በአዲስ አበባ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሆነ። በአማራ ክልልም ሒሳብና ሳይንስን ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

በ1999 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ሚኒስቴር የተደረገ አንድ ጥናት ስለ ማስተማሪያ ቋንቋ ሰፊ ምርመራ አድርጎ ነበር። ያገኘው ነገር ብዙ ወላጅ ከሚያስበው ይለያል፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በአጠቃላይ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ብዙዎቻችን «ቶሎ እንግሊዝኛ ይጀምር» ብለን እንቸኩላለን። አቅሙ ያለው ሰው ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ያስገባል። ጥናቱ ግን በሚያውቁት ቋንቋ ነገሩን በደንብ የተረዱ ልጆች ኋላ እንደማይጎዱ ይጠቁማል።

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ የ«ፕላዝማ» ትምህርት መጣ። ትምህርቱ ከደቡብ አፍሪካ በሳተላይት ይተላለፋል፤ በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው መምህር በፍጥነት እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ቆም በል፣ ድገምልኝ አይባልም። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ዘጠነኛ የገባ ልጅ ምን ያህል እንግሊዝኛ እንዳልያዘ በአንድ ጊዜ የተገለጠው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ለሴቶች ሌላም ትርጉም ነበረው። ከአባሎቻችን ብዙዎች ወይ ራሳቸው፣ ወይ እኅቶቻቸው ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄደዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሚሄዱት ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅን መስፈርት አድርጎ ነበር። ያ ሁሉ ዘመን በሚኒስትሪ የወደቀች ልጅ የምትሄድበት መንገድ ተደርጎ ይታይ የነበረው ጉዞ፣ እሱም ራሱ የስምንተኛ ክፍል ወረቀት ጠየቀ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ መደቡ ወደ ድሮው ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተመለሰ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል «መካከለኛ ደረጃ» ተባለ፤ የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀርቶ ስድስተኛና ስምንተኛ ላይ ፈተና ሆነ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር መጽሐፉ ታትሞ ለሁሉም ሳይደርስ ቀረ፤ ብዙ ልጆች በስልክ በሚከፈት ቅጂ ተማሩ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተን ደንግጠናል። ያ ፈተና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። ልጁ ጥያቄውን ሳያውቀው ይቅር ወይም ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው ይቅር ከውጤቱ መለየት አይቻልም።

እስቲ ሒሳቡን እናስላ

የሒሳብ ሰዎች ስለሆንን ነገሩን በቁጥር ካላየነው አይረጋልንም። ምሳሌ እንውሰድ። እንግሊዝኛ በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ቢሆን በሳምንት 200 ደቂቃ ነው። መምህሩ ግማሹን ቢያስረዳበት ለተማሪው 100 ደቂቃ ይቀራል። በክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖር ለአንድ ልጅ 1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይደርሰዋል። በዓልና ፈተና ተቀንሶ በዓመት 36 የትምህርት ሳምንት ቢቀር፣ አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገርበት ጊዜ በዓመት በድምሩ አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ብቻ! ያውም ሁሉም እኩል ቢደርሳቸው ነው፤ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ይህንንም አታገኝም።

የመምህሩን ደግሞ እንይ። አምስት ክፍል የሚያስተምር መምህር 300 ደብተር አለው። አንዱን ለማረም ሁለት ደቂቃ ቢወስድበት 600 ደቂቃ፣ ማለትም አሥር ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያውም ለአንድ ቀን የቤት ሥራ። ስለዚህ በብዙ ደብተር ላይ የምናየው ቀይ ምልክት «አይቻለሁ» ማለት እንጂ «ትክክል ነው» ማለት አይደለም። መምህሩን ልንወቅስ አንችልም፤ ቁጥሩ አይፈቅድለትም።

አሁን ወደ ቤት እንምጣ። አንዲት ልጅ በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ እንግሊዝኛዋን ጮክ ብላ ብታነብና የቤት ሥራዋን ብትሠራ፣ በ36 ሳምንት 60 ሰዓት ይሆናል። ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ቤት ውስጥ ስድሳ ሰዓት። እንግሊዝኛው የሚያዘው ወይም የሚቀረው በቤት ውስጥ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም። በታሪካችን ሁሉ ሴቶች ልጆች ያጡት ደግሞ ይህንኑ የቤት ውስጥ ጊዜ ነው። መንግሥት ተለወጠ፣ መደቡ ተለወጠ፣ በሩ ከሰባተኛ ወደ ዘጠነኛ ሄደ፣ ተመለሰ፤ የማታው ሃያ ደቂቃ ግን ለሴቷ ልጅ በማንም ፖሊሲ ውስጥ አልተጻፈላትም። ልንጽፍላት የምንችለው እኛ ነን።

ስልክና አስጠኚ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ። የቤት ሥራው «ወርክ ሺት» ሆኖ በስልክ መጣ። ስልኩ ግን አንድ ነው፤ እሱም የአባወራው ወይም የሥራ ፈላጊው ወንድም ነው። ሴት ልጅ ስልክ ይዛ ስትቀመጥ «ምን ታያለሽ?» ትባላለች። ያ ጊዜ ያለፈ ቢሆንም ልማዱ ቀርቷል፤ ዛሬም የቤት ሥራ በስልክ የሚልኩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ስለዚህ ከሃያው ደቂቃ ጋር የስልኩንም ጉዳይ በቤታችን መነጋገር ይኖርብናል።

አስጠኚን በተመለከተ የገንዘብ አቅም ያለው ሰው ቢቀጥር አንቃወምም። ነገር ግን አስጠኚ የሚጠቅመው ጊዜ ላላት ልጅ ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አስጠኚ ተቀጥሮላት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደብተሯን የማትከፍት ልጅ ቅዳሜ የተማረችውን ሰኞ ትረሳዋለች። ገንዘባችን ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ ጊዜውን እንግዛበት።

እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የማኅበራችን አዳራሽ ከስብሰባ ቀን በስተቀር ማታ ማታ ዝግ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች፣ በተለይም ለሴቶች ልጆች ይከፈት። አግዳሚ ወንበሩ አለ፤ መብራቱ አለ። የሚያስፈልገው ሁለት መዝገበ ቃላት፣ አንድ ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ እንዲሁም በየተራ የሚቀመጥ ሰው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ የአባላት ልጆች አሉን፤ የትራንስፖርትና የሻይ ታስቦላቸው ቢያግዙ ከአስጠኚ በጣም ባነሰ ወጪ ይሠራል። ወጪውም እንደ ሌላው ሁሉ በደረሰኝ ተመዝግቦ በየሩብ ዓመቱ ይቀርባል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚከብደው ከአዳራሹ ውጭ ያለው ነው። ልጅቷ በ11 ሰዓት ወደ አዳራሽ እንድትመጣ ቤት ውስጥ የእሷን ሥራ ሌላ ሰው መያዝ አለበት። ወንድሟ ውኃ ይቅዳ፤ አባቷ ታናሹን ይያዝ። ይህ በጉባኤ የሚጸድቅ ነገር አይደለም፤ በየቤታችን ምናልባት በጭቅጭቅ የምናመጣው ነው። እያንዳንዷ አባል በራሷ ቤት ካላመጣችው አዳራሹን ብንከፍት የሚሞላው በወንዶች ልጆች ብቻ ነው።

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም» ለምትሉ እናቶች ደግሞ ከላይ በልባችን እንያዘው ያልነውን እናስታውስ። የድሮ እናት ዳዊቱን ሳታነብ ልጇ ሲደናቀፍ ትለይ ነበር። ዛሬም እንዲሁ ነው።

አንደኛ፣ «የዛሬውን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» በሉ። የት እንደምትንተባተብ ትሰማላችሁ፤ «ያችን ቦታ ድገሚልኝ» በሉ።

ሁለተኛ፣ «አሁን በአማርኛ ንገሪኝ» በሉ፤ ቤታችሁ የሚነገረው ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ከሆነም በዚያው። በራሷ ቋንቋ መናገር ካቃታት አልገባትም ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ይዛ ነገ ወደ አዳራሽ ትምጣ።

ሦስተኛ፣ ደብተሩን ክፈቱ። ቀኑ ተጽፏል? ከትናንቱ ቀጥሎ ነው ወይስ ሳምንት ዘሏል? ቀይ ምልክት ብቻ ነው ወይስ መምህሩ የጻፈው ነገር አለ? ቀን ማንበብና መስመር መቁጠር ለሚችል ሰው ይህ በቂ ነው። በቁጠባ ደብተራችን ላይ የምናደርገው ቁጥጥር ይኸው አይደለም እንዴ?

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ለልጆቻችን ደብተር፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ትሰጡናላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ደብተሩ የሚሞላው ግን በጊዜና በብርሃን ነው። በዚህ ዓመት ከደብተሩ ጥቂቱን ቀንሳችሁ ለአዳራሹ መብራት፣ ለመዝገበ ቃላትና ለሚያግዙት ወጣቶች ብታውሉት፣ የምትሰጡን ደብተር መጨረሻው ገጽ ድረስ ተጽፎ ታዩታላችሁ።

የሰባተኛ ክፍል በር ከመቶ ዓመት ታሪክ ጋር የመጣ ነው፤ በአንድ ጉባኤ አናፈርሰውም። በሩን የምታልፍ ልጅ ግን በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ያስፈልጋታል። ይህን መስጠት የምንችል መሆን አለመሆናችንን በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ እንወስን። ሁላችሁም አስባችሁበት ኑ።